ከንቲባ ገብሩ ደስታ በኦምዱርማን



ከንቲባ የሚለው የማዕረግ ስም በጎንደር የኖረ ነው። ትርጓሜውም የከተማ ሹም፣ የከተማይቱን ሕዝብ ጉዳይ የሚጠብቅ ማለት ነው። ይህን ማዕረግ ከተሸከሙት ሰዎች መካከል ስማቸው ከካርቱም ምድር ጋራ የተያያዘው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው።

ገብሩ የጎንደር አገር ተወላጅ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ከሚሲዮናውያን እጅ ትምህርት ጀምረው፣ ኋላም በኢየሩሳሌምና በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ በምትገኘው በቅድስት ክሪሾና ተምረዋል። በዘመኑ ባሕር ተሻግሮ የተማረ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የውጭ ቋንቋ ማወቃቸውን ለመንግሥት ሥራ አዋሉት።

በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የኸሊፋ አብዱላሂ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ሕዝቡንም ማረከ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ጦር ሜዳ ቆስለው ሞቱ። በሁለቱ አገሮች መካከል የፈሰሰው ደም በቀላሉ የሚረሳ አልነበረም።

ነገር ግን ጊዜው ሌላ ጥያቄ አመጣ። ኢትዮጵያ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ካደረገች በኋላ፣ በዚያው ዓመት በኪችነር የሚመራው የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ዓባይን ተከትሎ ወደ ሱዳን መገስገስ ጀመረ። ምኒልክም ከምዕራቡ ጎረቤት ጋራ ሰላም መፈለግ እንደሚገባ አስተዋሉ። ስለዚህ በሁለቱ መንግሥታት መካከል መልእክተኞች ተመላለሱ። ወደ ኦምዱርማን ከተላኩትም አንዱ ከንቲባ ገብሩ ነበሩ።

እስቲ ይህን እናስተውል። ማዕረጉ ከተቃጠለችው ከተማ የመጣ ሰው፣ ከተማይቱን ያቃጠለውን ጦር ከላከው ገዥ ፊት ቀርቦ ስለ ሰላም ይናገራል። ቂምን ይዞ መሄድ ቀላል ነበር፤ ቂምን ለሕዝብ ደኅንነት ማስገዛት ግን የበሰለ ሰው ሥራ ነው።

ሁለቱ መንግሥታት በአንድነት ጦር አላሰለፉም። ኸሊፋውም በካራሪ ሜዳ ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. ድል ሆኑ። ቢሆንም ከመተማ በኋላ በኢትዮጵያና በኸሊፋው መንግሥት መካከል ሌላ ታላቅ ጦርነት አልተነሣም። የመልእክተኛ ዋጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ፣ ሳይሆን በቀረው ነገር ይለካል።

ከዚያም በኋላ አገልግሎታቸው አልተቋረጠም። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው መሪነት ወደ አሜሪካ ከሄደው መልእክት ጋራ ተጉዘው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አነጋግረዋል። ፋሺስት ኢጣልያም አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በሽምግልናቸው ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ልጃቸው ስንዱ ገብሩም በዚያው ግዞት ነበሩ። እኒህም ወይዘሮ ኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነዋል።

መምህራን ሆይ፤ በካርቱምና በኦምዱርማን የሚያድጉት ኢትዮጵያውያን ልጆች ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ሲማሩ፣ ጎንደርንና መተማን ማወቅ ይገባቸዋል፤ እውነት አይደበቅምና። ትምህርቱ በዚያ ብቻ ከቆመ ግን ጎደሎ ነው። ከቃጠሎው በኋላ በዚያው መንገድ የሰላም ቃል ይዞ የተጓዘውን የከተማ ሹም ጨምረን እናስተምራቸው።