1432 ኢትዮጵያ የማን ናት?



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ተናገሪ» ብለውኝ ነበር። ዛሬ ስለ ደም ግፊት መስማት የሚፈልግ ስለሌለ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ጥቁር ጨርቅ ልንገራችሁ።

ጨርቁ ካርታ ነው። ከባቻችን ዘጠኝ ሰዎች፣ አምስታችን እዚህ፣ አራቱ ውጭ ሆነን፣ በወር አንዴ በቴሌግራም የምንጫወተው የጠረጴዛ ላይ የጠፈር ጦርነት አለ። ጠረጴዛው ያለው ጉለሌ፣ እኔ ቤት ነው። አሜሪካኖች በ1973 እ.ኤ.አ. «ትራይፕላኔታሪ» የሚባል እንዲህ ያለ ጨዋታ አሳትመዋል። እኛ ግን ካርታውን ራሳችን እንሥራ አልን፤ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።

የመጀመሪያው ችግር ስፋቱ ነው። ከፀሐይ እስከ ምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን 10 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው ኔፕቱን 3 ሜትር ይርቃል፤ የኔን ሳሎን አልፎ ኩሽና ገባ ማለት ነው። ደግሞም ከተማ ባለበት ይቆማል፣ ፕላኔት ግን አይቆምም። ምድርና ማርስ ሲቀራረቡ 55 ሚሊዮን፣ ሲራራቁ 400 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ ርቀቱን ትቼ ጊዜውን ሳልኩ። ሪፈር ተቀብሎ የሚያውቅ ሐኪም ይኼ አይጠፋውም። እናትየዋ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል ብለን እንጠይቃለን እንጂ ኪሎ ሜትሩን ማን ይቆጥራል?

አንድ ተራ አንድ ወር ነው፣ በእውነተኛው ቀን አቆጣጠር። ጨርቁን ሽሮ ሜዳ ገዛሁ፤ ክቦቹን እዚያው ያለ ጠላፊ «ዶክተር፣ ይኼ የምን ጥለት ነው?» እያለ በነጭ ክር ጠለፈልኝ። በየክቡ ላይ የወር ቤቶች አሉ፦ ሜርኩሪ 3፣ ምድር 12፣ ማርስ 23። ጁፒተር ፀሐይን ለመዞር 12 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት በዓመት አንዴ ብቻ ይነቃነቃል። ነዳጅ ቆጥቦ ወደ ማርስ የሚሄድ መርከብ 9 ተራ ገደማ ይፈልጋል፣ መንገዱም የሚከፈተው በየ26 ወሩ ነው። ያ ያመለጠው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እናም ጨዋታው ከመተኮስ ይልቅ ስንቅ መቁጠር ሆነ፤ ለኔ የጣመኝም እሱ ነው።

አጀማመሩን ከአባቶቻችን ሰንጠረዥ ወሰድን፦ ወረራ። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም። ጳጉሜን ደግሞ የራሷ ሕግ አላት፤ በጳጉሜን አይተኮስም፣ ቁስለኛ ማንሳትና መጠገን ብቻ። (ይህን ያስገባው የቀዶ ሕክምና ሰው ነው፣ እኔ አይደለሁም።)

አሁን ወደ ጠቡ ልምጣ። በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት አለቶች ሁለቱ 1196 ሳባ እና 1432 ኢትዮጵያ ይባላሉ። በ1931 እና በ1937 እ.ኤ.አ. ጆሃንስበርግ ላይ የተገኙ ናቸው፤ ስሙን እኔ አላወጣሁትም። ካርታው ላይ ያስገባኋቸው ለጌጥ ያህል ነበር። ማርስን የያዙት ውጭ ያሉት ልጆች ናቸው፤ በሦስተኛው ዓመት ኢትዮጵያን ያዟት። ከምድር ወገን አንዱ ግሩፑ ላይ «ጥላችኋት ሄዳችሁ ዛሬ ባለቤት ሆናችሁ?» ብሎ ጻፈ። ከሚኒሶታ መልስ መጣ፦ «ስንቋን ማን ነው የሚልከው?» ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ተራውን የተጫወተ የለም። ካርታችንም ከሰማዩ ሁለት ወር ወደኋላ ቀረ።

ለአንድ ቁልፍ ብላችሁ እንዲህ ተኮራረፋችሁ ወይ እንዳትሉኝ። ማን የማንን ዲዩቲ እንደሸፈነ፣ ማን ለማን እናት መድኃኒት እንደላከ፣ ማን ለቀብር እንዳልደረሰ፣ ሃያ ዓመት ያልተነጋገርነው ነገር አለ። እሱ ደግሞ በቴሌግራም አይነገርም።

ዛሬ ከዘጠኛችን ስምንቱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነን። ኢትዮጵያ ላይ ያለውን ቁልፍ ማንም አልነካውም። ከምሳ በኋላ ጨርቁን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ እዘረጋዋለሁ፤ ተራው የምድር ነው። መምህሮቻችን፣ እናንተም ብትመጡልን ደስ ይለናል፤ ዳኛ የለንም።