ምን ይዘሽ መጣሽ?

የሳይካትሪ ነርሲንግና የሶሻል ወርክ ተመራቂዎች፣ ወላጆችና ቤተሰቦች፤

የክብር እንግዳ ሆኖ የተጠራ ሰው ስኬቱን እንዲያወራ ይጠበቃል። እኔ ግን በአንድ ጥፋት ልጀምር። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት በአንዲት ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አንዲት ወጣት ሴት በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ መጣች። የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ እንቅልፍ የለኝም።» እኔም አራቱንም ጊዜ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ፣ «በርበሬ ቀንሺ፣ ቡና ተዪ» ብዬ ሸኘኋት። ለአምስተኛ ጊዜ በመጣች ቀን መብራት ጠፋ። ክፍሉ ስለጨለመ ካርድ መጻፍ አልቻልኩም። መብራቱ እስኪመጣ ብዬ ወንበሬን እሷ ወደተቀመጠችበት ወደ መስኮቱ ሳብኩና የምለው ቢጠፋኝ፣ «ለመሆኑ ቤት ውስጥ እንዴት ነሽ?» አልኳት።

የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ላይ ጠቀለለችው፤ ፈታችው፤ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ፣ «ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ሰባት ወሬ ነው» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ምን ይዘሽ መጣሽ ይለኛል። እንዴት ነበርሽ ያለኝ የለም።»

የቀረውን አልነግራችሁም፤ ታሪኩ የእሷ ነው። መብራቱ መቼ እንደመጣም አላስተዋልኩም። ከሄደች በኋላ ካርዷን ስገልጥ ያየሁት ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም፤ አራት የተለያየ ቀን፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ አራት ጊዜ «ጨጓራ» ይላል።

ልጆቼ፣ እኛ በሰላምታ ደሃ አይደለንም። እንዴት አደርክ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱስ፣ ሰፈሩስ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ እንጠይቃለን። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን።» ማመስገኑ ደግ ነው። ችግሩ፣ ጠያቂው መልሱን ሳይሰማ አልፎ መሄዱ ነው። ተጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ የሆዱን በሆዱ ይዞ ይቀራል። ልጅ ሆነን የተማርነውም ይህንኑ ነው። የቤት ገበና አይወጣም፤ ወንድ ልጅ አያለቅስም፤ የሆድን ሆድ ይፍጀው። ነገር ግን ይህንኑ የነገሩን ሰዎች፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለውም ተርተዋል። ሁለተኛውን ለኩላሊትና ለሳንባ ስንጠቀምበት፣ ለአእምሮ ሕመም ግን የመጀመሪያውን ብቻ አስቀረን።

ቃላችንንም ተመልከቱት። ታማሚውን እብድ እንላለን፤ ለቀቀ፣ ዞረበት፣ ነካ ያደርገዋል እንላለን። አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። አማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። እኛ ግን ያንን የመሰለ ስም ወስደን የሰፈር ስድብ አደረግነው። ስሙ ስድብ ወደሆነበት ቤት ልጁን ይዞ ለመሄድ አባት ምን ያህል እንደሚከብደው ገምቱ።

ሐኪሙም እንደልብ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ1995 ዓ.ም. እስኪጀምር ድረስ በዚህ ሙያ ስፔሻሊስት ለመሆን የፈለገ ሐኪም ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ እንደገና የተከፈተው ሦስት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ዛሬ እዚህ ጋዋን ለብሳችሁ መቀመጣችሁ ትንሽ ነገር አይደለም። ቢሆንም አገሪቱ ካላት የሕዝብ ብዛት አንጻር ሐኪምና ነርስ ብቻውን አይዳረስም። ታዲያ ምን ይሻላል?

መልሱን በከፊል ያገኘሁት ከዚምባብዌ ነው። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የሐራሬ ሳይካትሪስት አሉ፤ አንዲት ታካሚያቸው ራሷን አጠፋች። ቀጠሮዋ ላይ ለምን እንዳልመጣች እናትየዋን ቢጠይቁ፣ ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር አጥተን ነው አሏቸው። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቅን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ2006 ምባሬ በተባለው ሰፈር ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ ጥቂት ሥልጠና ወስደው በጤና ጣቢያ ግቢ ባለ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቀው ሰው ጎን ይቀመጣሉ። ድባቴ የሚለውን የሕክምና ቃል አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛም እናቶች «ልጄ ሐሳብ ያበዛል» አይደል የሚሉት?

ነገሩ በጎ ፈቃድ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች 573 ሰዎችን ተከታትሏል። ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ውስጥ ግማሽ ያህሉ የድባቴ ምልክት ሲታይባቸው፣ ከአያቶቹ ጋር ከተነጋገሩት ውስጥ ግን ከመቶው 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ወንበሩ ተራ እንጨት ነው፤ የሠራው ነገር አጠገብ መቀመጥ ነው።

አጠገብ መቀመጥን ደግሞ እኛ እናውቅበታለን። ለቅሶ ቤት ግቡ። ድንኳኑ ተጥሏል፤ የዕድሩ ወንበር ተደርድሯል፤ ሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ነው። ሰው ገብቶ ይቀመጣል እንጂ ብዙ አያወራም። ንፍሮው ይዞራል፤ ጎረቤት ወጥ ይዞ ይመጣል፤ ሌሊትም ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ማንም «በቃ እርሳው» ብሎት አይሄድም። ይህን ያህል ጥበብ ያለው ሕዝብ ነን። ጥበቡን የምናወጣው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት እያለ በሐሳብ ለሚማቅቀው ድንኳን አንጥልለትም። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለውን የት ጣልነው?

ከእናንተ መካከል ማኅበረሰብ ለመለወጥ የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሶሻል ወርክ ያንን ካላሰበ ምን ያስባል? ዛሬ አክቲቪስት ሲባል ስልኩ ላይ የሚጮኽ ሰው ነው ፊታችን ላይ የሚመጣው። መጮኽ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ አልነቅፍም። ግን የቦጋለች ገብሬን መንገድ ላስታውሳችሁ። ዶክተር ቦጋለች ከምባታ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ተገርዘው፣ ከኢየሩሳሌም እስከ አሜሪካ ተምረው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር የከምባታ ሴቶችን በአንድ የሚያቆም ድርጅት መሠረቱ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች ጉዳይ ሊናገሩ ቢሰበስቧቸው የአገሬው ሰዎች ሌላ ነገር አነሡ፤ ድልድይ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ መሻገር አቅቷቸው ነበር። ዶክተር ቦጋለች «እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም» ብለው አልሄዱም። ድልድዩ ተሠራ። ጆሮ የተሰጣቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ውይይት ነው። ሽማግሌውና ወጣቱ፣ ወንዱና ሴቱ በአንድ ላይ ተቀምጠው፣ እስከዚያ በአደባባይ ስሙ ተጠርቶ የማያውቀውን ነገር አነሡት። ስለ ሴት ልጅ ግርዛት አንድ ቀን ሳይሆን ደጋግመው፣ ወራት ወስደው ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሽራዋ አለመገረዟን በይፋ ያሳወቀችበት ሠርግ በአደባባይ ተደገሰ። ግርዛትን የሚከለክለው የወንጀል ሕግ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ሕዝቡ ሕጉን ቀድሞታል ማለት ነው። በአካባቢው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሴት ልጆች ይነካ የነበረው ልማድ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ3 በመቶ በታች መውረዱ በዩኒሴፍ ጥናት ተመዝግቧል። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አረፉ፤ ድልድዩም ውይይቱም ግን ለዚህ ሙያ መማሪያ ሆነው ቀርተዋል።

ሥራ ስትጀምሩ ሰዎች በመጀመሪያ ቀን የሚነግሯችሁ ዋናውን ጉዳይ ላይሆን ይችላል። አንዷ ጨጓራ ትላለች፤ አንዱ የቤት ኪራይ ይላል፤ መንደሩ ድልድይ ይላል። የነገሯችሁን አትናቁት። ጨጓራውንም በደንብ መርምሩት። ታካሚው ጸበል እጠመቃለሁ ወይም ዱዓ አስደርጋለሁ ካለም አትሳቁበት፤ መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስድ በአክብሮት ምከሩት። ከሁሉ የሚከብደውንም ጥያቄ አትፍሩ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ራሱን ያጠፋል። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይተክልም፤ ይህ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ሰውዬው የሚሰማው እፎይታ ነው። በመጨረሻ አንድ ሰው ጠየቀው።

ለራሳችሁም ሰው ይኑራችሁ። የሰው ሐዘን ሲሰማ የሚውል ሰው ማታ የሚሰማው ያስፈልገዋል። የምትደክሙት ሰነፍ ስለሆናችሁ አይደለም፤ የሰው ሸክም ስለሚከብድ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናቶችና ለአባቶች ነው። ይህን ልጅ እዚህ ያደረሳችሁት በምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ በጉሊቱም፣ በበሬውም፣ በብድሩም። ዛሬ እልል በሉ፤ ይገባችኋል። ነገር ግን የዲግሪው ቀለም ሳይደርቅ ጎረቤቱና ዘመዱ ተሰብስቦ «ሥራ ያዝክ? ደመወዝሽ ስንት ነው? ምን ይዘሽ መጣሽ?» ማለቱ አይቀርም። ሥራ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። የልጁ በር ተዘግቶ መዋል ይጀምራል፤ ምግቡን ይተዋል፤ ሌሊቱን በስልክ ያነጋል። ያኔ አደራችሁን፣ ያን ጥያቄ ለጊዜው አቆዩለት። ወንበር ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ። «ልጄ፣ እንዴት ነህ?» በሉት፤ እስኪመልስም ጠብቁት።