ጋሼ ማለት ምን ማለት ነው?



ዛሬ ስለ አንድ አጭር ቃል እንነጋገራለን። ቃሉ «ጋሼ» ነው። ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ግን ብዙ ነው።

አንደኛ፤ ጋሼ ማለት ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ታናሽ ታላቁን በስሙ መጥራት ስለሚከብደው «ጋሼ» ወይም «ወንድም ጋሼ» ይለዋል።

ሁለተኛ፤ ወንድም ባይሆንም በዕድሜ የሚበልጠንን ሰው ጋሼ እንላለን። ስሙን ስንጨምር «ሼ» ወደ «ሽ» ይለወጣል። ጋሽ ከበደ፣ ጋሽ አሊ እንላለን።

ሦስተኛ፤ ከተማ የገባችሁ ሰምታችኋል፤ ሊስትሮው የማያውቀውን መንገደኛ «ጋሼ፣ ጫማዎን ልጥረገው?» ይለዋል። ተማሪም አስተማሪውን ጋሼ ይላል። እኛ እንኳ ልጆቻችሁ ስንሆን፣ ፊደል ስላስቆጠርን ጋሼ የሚሉን አባቶች አሉ።

አሁን «ሼ»ን ወደ «ሻ» እንለውጥ፤ «ጋሻ» ይሆናል። ጋሻ ከቆዳ ተሠርቶ ጦር የሚመክት ነው። ጋሼ የሚባለውም ጋሻዬ፣ መከታዬ ለማለት ነው ይባላል። ጋሻ የመሬት መለኪያም ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ወሰነ። ይህም የጋሻ ሩብ መሆኑ ነው።

በአንዳንድ አካባቢ በጋሼ ፈንታ «አያ» ይባላል። በተረት ግን ጅቡንም «አያ ጅቦ» እንለዋለን። ጅብ ወንድማችን ሆኖ ነው እንዴ? አይደለም፤ ስለምንፈራው ነው። እንግዲህ የአክብሮት ስም ከፍቅርም ከፍርሃትም ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። አባት ሲሞት ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚይዘው ጋሼ ነው። ታናናሾቹን አሳድጎ፣ ድሮ ኩሎ፣ ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃ ስንት ጋሼ አለ! እርሱ በእውነት ጋሻ ነው። ነገር ግን «ጋሼ ካለ ምን ቸገረን» እያሉ ባላነበቡት ወረቀት ላይ ጣታቸውን የሚያትሙ አሉ። ወረቀቱ «ድርሻችንን ለእርሱ ለቀናል» የሚል ቢሆንስ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሟቹ ኑዛዜ ካልተወ ልጆቹ ሁሉ እኩል ይወርሳሉ ይላል። ወንድ ነው ሴት ናት፣ ታላቅ ነው ታናሽ ነው አይልም። ታላቅነት ክብር ይጨምራል እንጂ ድርሻ አይጨምርም።

ስለዚህ «ጋሼ፣ ከመፈረሜ በፊት እስቲ ላንብበው» ማለት ነውር አይደለም። ጋሻ የሆነ ወንድም በዚህ ደስ ይለዋል። የሚቆጣ ከሆነ ግን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ታላቃችሁ ማንበብ የማይችል እንደሆነም እናንተ አንብቡለት፤ ያን ጊዜ ታናሽ ለታላቁ ጋሻ ይሆናል።

እስቲ አሁን በየደብተራችሁ ላይ ጋሼ፣ ጋሽ፣ ጋሻ ብላችሁ ጻፉ። ከጻፋችሁም በኋላ ልዩነታቸውን ለጎረቤታችሁ አስረዱ።