መዝገብን ሳያጠፉ ስለ መጻፍ



የብራና ጸሐፊ ቃል ሲሳሳት ያን ቃል ብቻ ፍቆ ያርመው ነበር እንጂ፥ ስለ አንድ ቃል መጽሐፉን ሁሉ አያጠፋም ነበር። በኮምፒዩተር ግን አንዲት ፊደል ብንሳሳት ሙሉ መዝገብ ባንድ ቅጽበት ሊፋቅብን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ማወቅ የሚገባ ነው።

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለ ሆላንዳዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ለሕዝብ አወጣው። በዚህ ቋንቋ መዝገብ የሚከፈተው «ኦፕን» በሚባል ትእዛዝ ነው፤ ከመዝገቡም ስም ቀጥሎ የምንከፍትበትን ምክንያት የምታስረዳ አንዲት የላቲን ፊደል ትጻፋለች። ልጆቻችን በቁቤ የሚያውቋቸው ፊደላት ናቸው።

«አር» ለማንበብ ብቻ ናት፤ የተጻፈውን አትነካም። «ኤ» በመጨረሻው ላይ ለመጨመር ናት፤ የቀድሞው እንዳለ ይቈያል። «ኤክስ» አዲስ መዝገብ ለመፍጠር ናት፤ በዚያ ስም መዝገብ አስቀድሞ ያለ እንደ ሆነ እንቢ ትላለች። «ደብልዩ» ግን መዝገቡ ከሌለ ትፈጥረዋለች፤ ካለ ደግሞ ገና አንድ ቃል ሳይጻፍበት፥ በመከፈቱ ብቻ ባዶ ታደርገዋለች። አስቀድማም አታስጠነቅቅም።

ለምሳሌ አንድ የደዋ ጨፋ መምህር ሰኞ ዕለት የ40 ተማሪዎችን ስም ጻፈ እንበል። ማክሰኞ ሁለት ልጆች ቢመጡና ያንኑ መዝገብ በ«ደብልዩ» ከፍቶ ቢጽፋቸው፥ የሚገኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ 40ዎቹ ጠፍተዋል። በ«ኤ» ቢከፍተው 42 ይሆኑ ነበር። ነገር ግን «ኤ» መስመርን በራስዋ አትለይም፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ የአዲስ መስመር ምልክት ካልተጻፈ ስሞቹ ይጣበቃሉ።

ስም ለማረም የሚሻ ሰው መዝገቡን በ«አር» ያንብብ፤ የታረመውን በሌላ ስም በ«ኤክስ» ይጻፍ፤ ስሞቹን ቈጥሮ ካመሳከረ በኋላ የቀድሞውን በታረመው ይተካ። የቀድሞውም ግልባጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።

የልጅ ስም ከመዝገብ ቢጠፋ፥ የተማረበትን ዘመን ማስረጃ የሚያጣው ልጁ ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን ዕዳው በእርሱ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ «ደብልዩ»ን ከመጻፋችሁ በፊት በመዝገቡ ውስጥ ምን እንዳለ መርምሩ። አባቶች ሆይ፥ እናንተም የወረቀቱ መዝገብ እንዳይጣል ጠብቁልን፤ ኮምፒዩተሩ ቢረሳ የሚያስታውሰው እርሱ ነውና።