ሠንጠረዡን ማን ይሞላዋል?

ሥራዬ ድረ ገጽ መፈተሽ ነው። ቅጽ በእጅ እየሞሉ መፈተሽ ያሰለቻል፤ ለዚህ ነው ሴሌኒየም የመጣው። በ2004 ቺካጎ የተጀመረ፣ ብራውዘሩን እንደ ሰው የሚነዳ ነፃ መሣሪያ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን ስሙንም ቁጥሩንም እዚያው ኮዱ ውስጥ ይከተዋል። እንግዲያው ለመቶ ሰው መቶ ኮድ ልትጽፉ ነው! የሚሻለው ኮዱን አንዴ ጽፎ ዳታውን ኤክሴል ላይ ለብቻው ማስቀመጥ ነው። አንድ ረድፍ አንድ ፍተሻ፤ የመጨረሻው ዓምድ የሚጠበቀው መልስ፦ «ይለፍ» ወይም «ይመለስ»።

ታዲያ ሠንጠረዡን ማን ይሞላዋል? የቴኡዳት ዜሁት ቁጥር 9 አኃዝ ነው፤ የመጨረሻው ከፊተኞቹ 8 ተሰልቶ የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። አንዱን አኃዝ አበላሽቶ «ይመለስ» የሚል ረድፍ መጨመር ሁሉም ያስበዋል። ግን ከኢትዮጵያ ከመጡት ሽማግሌዎቻችን መካከል መታወቂያቸው ላይ የልደት ቀኑና ወሩ 00 የተባለ አሉ አይደል? ቅጹ 00ን አልቀበልም ካለ እማማ ቀጠሮ ሳይዙ ይቀራሉ። ፍተሻው ግን «ሁሉም አለፈ» ይላል፤ ረድፉ የለማ! ያንን ረድፍ ጻፉና «ይለፍ» በሉበት። ኮዱን መንካት እንኳ አያስፈልግም።