ስለ አንጐል ፍሬን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስ ክበብ ተማሮች ያደረጉት ንግግር)



ባለፈው ዓመት በእግር ኳስ ጨዋታ ላይ ከመካከላችን አንዱ ተቈጥቶ የባላጋራውን ጥርስ እንደ ሰበረ ታስታውሳላችሁ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እጁ ከልቡ ቀደመበት እንጂ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ወደ ክበባችን መጣና፣ «አንጐልን ከውጭ በኤሌክትሪክ ነክቶ ችኩሉን ሰው ታጋሽ የሚያደርግ መሣሪያ አለ ይባላል፤ እውነት ነውን?» ሲል ጠየቀን። ያገኘነውን መልስ፣ እርሱም ፈቅዶልን፣ እነሆ በፊታችሁ እናቀርባለን። ዓመቶቹን በኤውሮጳ አቈጣጠር እንናገራለን።

በ1848 በአሜሪካ በቨርሞንት ግዛት ፊንያስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት ወጣት የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ድንጋይ ለማፍረስ ባሩድ ሲጠቀጥቅ ባሩዱ ፈነዳና፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር የሚበልጥ፣ ክብደቱም 6 ኪሎ ያህል የሆነ ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ጌጅ አልሞተም። ነገር ግን ሐኪሙ ጆን ሃርሎ እንደ ጻፈው፣ ጨዋ የነበረው ሰው ተሳዳቢና ችኩል ሆነ። የተጐዳው ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጐል ክፍል ነበር። ይህ ክፍል ለሰው ጠባይ እንደ መኪና ፍሬን መሆኑን ሊቃውንት ቀስ በቀስ ተረዱ።

ፍሬኑም ይለካል። ሰውየው ምልክት ባየ ቍጥር ቍልፍ እንዲጫን ይታዘዛል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ወዲያው «ቁም» የሚል ምልክት ይመጣበታል። ጤናማ ወጣት የጀመረውን እጅ ለመግታት የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጅበታል። ጥርስ የሚሰበረውም የሚድነውም በዚያች ሩብ ሰከንድ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። አንደኛው በማግኔት ይሠራል። ማይክል ፋራዴይ በ1831 ተለዋዋጭ የማግኔት ኀይል በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚያስነሣ አሳይቶ ነበር። በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ አንቶኒ ባርከርና ጓደኞቹ በዚሁ ሕግ የሽቦ ጥቅል ከራስ በላይ ይዘው፣ ቆዳ ሳይቀዱ አንጐልን ቀሰቀሱ፤ የሰውየውም እጅ ያለ ፈቃዱ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ በጨው ውሃ በራሰ ስፖንጅ አማካይነት ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር የሚሆን ደካማ ኤሌክትሪክ ለ20 ደቂቃ ያህል በራስ ላይ ያሳልፋል።

የማግኔቱ መሣሪያ በሐኪም እጅ ጠቃሚ ሆኗል። የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 መድኀኒት ላላሻለው የመንፈስ ጭንቀት፣ በ2020 ደግሞ ሲጋራ መተው ለሚሹ ሰዎች ፈቅዶታል። ችኩልነትን በመግታት ረገድ ግን ነገሩ ገና ነው። በቀኝ ግንባራቸው በኩል ኤሌክትሪክ ያለፈባቸው ሰዎች እጃቸውን ፈጥነው እንደ ገቱ አንዳንድ ጥናቶች ይናገራሉ፤ ሌሎች ጥናቶች ለውጥ አላገኙም። በ2016 በዚሁ ሙያ የተሰማሩ ተመራማሪዎች በቤታቸው በገዛ እጃቸው የሚሞክሩትን ሰዎች በግልጽ ደብዳቤ አስጠንቅቀዋል። አንዱን ችሎታ ሲያሻሽሉ ሌላውን መጕዳት ይቻላልና። ይልቁንም የእኛ የወጣቶች የፊት አንጐል እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና በማደግ ላይ ነው።

ስለዚህ ለወንድማችን እንዲህ ብለን መለስን፤ መሣሪያው አለ፤ ቦታው ግን ሆስፒታልና የምርምር ቤት ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ችኩልነትን ለማዳን መቸኰል አይገባም። ጌጅም ኋላ በቺሊ አገር ለብዙ ዓመታት ሠረገላ ነድቷል፤ በየቀኑ በሥርዓት የሚሠራው ሥራ ጠባዩን መልሶ ሳያቃናለት አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። «ይህ ሲደርስብኝ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ መወሰን ሰውን እንደሚረዳም በጥናት ታይቷል።

ወንድማችን ይህን ሰምቶ ዘንድሮ አንድ ልማድ አበጀ። ዳኛው ፊሽካ በነፋ ቍጥር ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ ያጣምራል። መጀመሪያ ሣቅንበት፤ አሁን ግን ከቡድኑ አራቱ እንደ እርሱ ያደርጋሉ። ጥርሱ የተሰበረውም ልጅ ዛሬ በእንግድነት በመካከላችን ተቀምጧል።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን እንመኛለን።