ጃፓንን ከጋፋት ጀምሮ ማስተማር

የተከበራችሁ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ፣ ከፋርጣ፣ ከስማዳና ከእብናት የመጣችሁ የታሪክና የአማርኛ መምህራን፤ 

«ደብረ ታቦር ላይ የጃፓን ሥልጠና ምን የሚሉት ነው?» እያላችሁ እንደመጣችሁ እገምታለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳ ሰባ ተማሪ ይዞ ዓመታዊ ዕቅዱን መጨረስ ላቃተው መምህር ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ጃፓንን ለማስተማር ከዚህ ከተማ የተሻለ ቦታ አይታየኝም።

ምክንያቴ ጋፋት ነው። እዚሁ ደጃችን ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩ ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጃፓን የሳጋ ግዛት ሰዎች ከአንድ የሆላንድ መጽሐፍ እያነበቡ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ሠሩ፤ ደጋግሞ ከከሸፈባቸው በኋላም መድፍ አወጡ። ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ መርከብና መድፍ ይዞ የሚመጣውን ባዕድ።

አሁን ሁለት ቀኖችን ሰሌዳ ላይ ጻፉልኝ። መጋቢት 29 ቀን 1860 ዓ.ም. ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ሜጂ ኪዮቶ ላይ የአዲሱን መንግሥት አምስት መርሖዎች በመሐላ አወጁ። አምስተኛው ዕውቀት ከዓለም ሁሉ ይፈለግ የሚል ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሞቱ። በመካከሉ ያለው ሰባት ቀን ብቻ ነው! ዕውቀትን ከውጭ መፈለጉን እንደሆነ ቴዎድሮስም ፈልገውታል፤ በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ግን ለዓመታት መልስ አላገኘም።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ተማሪው «እነሱ ታታሪ፣ እኛ ሰነፍ» ብሎ እንዳይገላገል። የጃፓን ሊቃውንት በናጋሳኪ ወደብ በኩል የሚገባውን የሆላንድ መጽሐፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያነቡ ቆይተዋል። በየመንደሩ የነጋዴና የገበሬ ልጅ ንባብና ሒሳብ የሚማርባቸው ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ነበሯቸው። ቴዎድሮስ በበኩላቸው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለማድረስ ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ ወራት ፈጅተዋል፤ ያውም አገሩ ሸፍቶባቸው። መንገድ፣ መጽሐፍ፣ ሰላም፤ ውይይቱ እነዚህ ላይ ይሁን። ቁጭት ትምህርት አይሆንም፤ እኛ ግን በጃፓን ስም ስናስተምር የኖርነው በአብዛኛው ቁጭትን ነው።

ጃፓንን ያነበብን የመጀመሪያዎቹ እኛ አይደለንም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አርአያ አድርገዋታል። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሜጂን ሕገ መንግሥት ተከትሎ የተጻፈ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ጻፉ። የአማርኛ መምህራን ከእነዚህ መጽሐፎች ጥቂት ገጽ ብታስነብቡ የጃፓን ትምህርቱም የአማርኛ ትምህርቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል።

ሌላውን ገጽ ግን አትዝለሉት። ኅሩይ በክብር ሲስተናገዱ የጃፓን ጦር ማንቹሪያን እየወረረ ነበር። ስንት ተስፋ የጣልንባት ጃፓን በ1929 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ ተቀብላ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አደረገች። ይህን ያልሰማ ተማሪ ስለ ጃፓን የሚያውቀው ተረት ነው።

ወደ ሥነ ጽሑፉ ልለፍ፤ እኔን ይበልጥ የሚያጓጓኝ እሱ ነው። ሃይኩ የሚባለው የጃፓን ግጥም በአምስት፣ በሰባትና በአምስት፣ በድምሩ በ17 ቀለም ያልቃል። በወጉ ደግሞ ወቅቱን የሚጠቁም አንድ ቃል ይዞ መገኘት አለበት። በዚህ ዞን ልጆች ዘንድ አጭር ግጥም እንግዳ አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሚሰጥባቸው ናቸው፤ ቅኔ የተቀኘ ወንድም ወይም አጎት ያለው ተማሪም አይጠፋም። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ልጅ የሃይኩን ቁጥብነት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ማትሱዎ ባሾ እ.ኤ.አ. በ1689 ሰሜን ጃፓንን በእግሩ አቋርጦ መንገዱን በሃይኩ እያዋዛ እንደጻፈ ንገሩት፤ አኩፋዳ አንግቶ ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ይታወሰዋል። ከዚያ በ17 ቀለም የሐምሌን ጉም ወይም ገብሱን የመታውን ውርጭ ይጻፍ። ወረቀትና እስክሪብቶ ካለ ሌላ ወጪ የለውም።

ከእናንተ የምጠብቀው አንድ ነው፤ እያንዳንዳችሁ በመጪው ሰሞን ክፍላችሁ ውስጥ የምትሞክሩት የአንድ ክፍለ ጊዜ ዕቅድ ጽፋችሁ ውጡ። የታሪክ መምህራን ከሁለቱ ቀኖች ተነሡ፤ የአማርኛ መምህራን ከኅሩይ ወይም ከሃይኩ። ዕቅዶቹን በጋራ እንተቻቸዋለን፤ መተቻቸት ላይ ይሉኝታ አይግባችሁ። ነገ ጠዋት ጋፋት ስለምንወጣ ጋቢ ያዙ።

በዚሁ ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን እገልጻለሁ።